ድንጋይ አስታማሚው

አርባን የተሻገረ ወንድ ወይ ሹመት ያምረዋል፣ ወይ ሁለተኛ ሚስት፣ ወይ ባሕር! ሹመቱን የሥራ ባልደረባዬ ታምራት ቀደመኝ። ሁለተኛዋን ሚስት የመጀመሪያዋ ከለከለችኝ። የቀረኝ ባሕር ነበር… ያውም ዲላ ላይ!

አትሳቁ። የመስታወት ሳጥን፣ የባሕር ጨው፣ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ሞተር… ሁሉን አሟላሁ። አዲስ አበባ ያለው የጌጥ ዓሣ ሻጭ ግን፣ «ጋሼ፣ ከዓሣው በፊት ሕያው ድንጋይ ያስፈልግዎታል» አለኝ።

«ድንጋይ? ዲላ እየኖርኩ ድንጋይ ልገዛ?»

«ይሄ ከባሕር የወጣ ነው። ውሃውን የሚያጠሩልዎት ቀዳዳው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። መንገድ ላይ ግማሾቹ ስለሚሞቱ ግን መጀመሪያ ያክሙታል። ጨለማ ቦታ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ የሞተውን በብሩሽ ያራግፋሉ፣ ሽታው እስኪጠፋ ውሃ ይቀይራሉ።»

ሽታው! ወገኖቼ፣ በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? ድንጋዩን ገዝቼ የዘፈዘፍኩበትን በርሜል ጓዳ ባስቀመጥኩ በሦስተኛው ቀን ድመታችን ሳትሰናበተን ጎረቤት ከተማ ወናጎ ገባች። ባለቤቴ ብርቱካን አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ «እኔ ስታመም ‹ውሃ ጠጪበት› ብለህ የምታልፍ ሰውዬ፣ ለድንጋይ አስታማሚ ሆንክ?» አለችኝ። ድንጋዩ ቢያንስ መልስ አይሰጠኝም አልኩ… በሆዴ ነው እንጂ!

ደግሞ ምላሴ ቀድሞኝ ለቢሮው ሰው ሁሉ፣ «እሁድ ኑ፤ ሕይወት ያለው ባሕር አሳያችኋለሁ» ብያለሁ። ታምራት ጅቡቲ ሁለት ሳምንት ከሰነበተ ወዲህ ባሕርን እሱ የፈጠረው ይመስለዋል። ድንጋዬ ከሞተ መሳቂያ የሚያደርገኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ለሥራ ገደብ ከተማ ውዬ ስመለስ በርሜሉ ባዶ!

«ድንጋዬስ?»

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ቀበርኩልህ» አሉኝ። በሰፈሩ እሳቸውን የሚያህል ቆጮ አዋቂ የለም፤ ሽታው ሲደርሳቸው ቆጮ የተበላሸብን መስሏቸው ደርሰውልናል። «ደግሞ ቆጮ በጨው ውሃ ይብላላል እንዴ? በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ጓሮዬ ካለው ጉድጓድ ከተትኩት።»

«እትዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው!»

«ድንጋይ መሆኑንማ አየሁ! አያያዝህ ነው ያደነደነው። አንድ ወር ታገሰው፣ ይለሰልሳል።»

ብርቱካን ሆዬ፣ ሲቀበር አይታ እንዳላየች! ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ከተቀበረማ ምን ቀረው፣ ጋሼ…» ብሎ ነፍስ ይማር ሊለኝ ምንም አልቀረው።

እሁድ ጠዋት ቆፍሬ አወጣሁት። አፈሩን አራግፌ፣ ሬሳውን መስታወቱ ውስጥ አጋድሜ እንግዶቼን ተቀበልኩ። ታምራት አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ «ታዲያ ሕይወቱ የታል?» አለ።

መስታወቱን በእጅጌዬ መወልወል ጀመርኩ። ልክ ያኔ… ከአንዱ ቀዳዳ ቀይ ነገር እየተጥመዘመዘ ብቅ አለ!

ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ። ምን ልበል ብዬ አፌን ስከፍት ታምራት ቀደመኝ፤ «አውቀዋለሁ! ከጥልቁ ባሕር በቀር አይገኝም። ጅቡቲ ፈረንጆች ተሰልፈው ነው የሚያዩት!» ሁሉም ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ጭብጨባውን ሰምተው የገቡት እትዬ አስቴር ጎንበስ ብለው አዩ። «ውይ በሞትኩት! የጓሮዬ ትል! አብረህ አወጣኸው እንዴ?»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንዱም ወደ እኔ አልዞረም! ታምራት ግን በቀላሉ የሚረታ መሰላችሁ? ኮቱን አስተካክሎ፣

«በአማርኛ ትል ነው» አለ፤ «በፈረንሳይኛ ስሙ ሌላ ነው።»