የማይፈነዳው ጭላሎ

በዛሬ ጊዜ ፕሮጀክት የሚታዘዘው ልጅ ነው፤ የሚሠራው ወላጅ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ እርስዎስ ባለፈው ሰሞን ካርቶን ቆርጠው የሰውን ጨጓራ ሲለጥፉ አላመሹም? የቤት ሥራ ሳንሠራ እየሄድን የተገረፍን ሰዎች፣ ይኸው ሸብተን የልጆቻችንን እንሠራለን። ደግነቱ ኢንተርኔት አለ። «የልጆች የሳይንስ ሙከራ» ብለው ከጻፉለት በዓይነት በዓይነቱ ያዘንብልዎታል። ታዲያ ሁሉም የሚጀምረው «በቤትዎ በሚገኙ ቀላል ነገሮች» ብሎ ነው። ቤቴን የት ያውቀዋል? አንዱማ «ደረቅ በረዶ ያዘጋጁ» አለኝ። እኛ አሰላዎች የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሯችንን የሚቀጠቅጠውን ነው፤ እሱ ደግሞ ሳያዘጋጁትም ይመጣል።

ልጄ ሲፈን አምስተኛ ክፍል ናት። መምህሯ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሙከራ ሠርቶ ሰኞ ጠዋት ወላጅ ባለበት ቆሞ እንዲያስረዳ አዘዘ። ሲፈን ደግሞ ሰው ፊት ስትቆም ድምጿ ይጠፋል፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ሰላም የምትለው ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነው። «አባዬ፣ በአላህ፣ እዚያ ቆሜ እንዳላፍር» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እሷ ከምታፍር እኔ ብዋረድ ይሻለኛል አልኩ።

ፈልጌ ፈልጌ የእሳተ ገሞራ ቪዲዮ አገኘሁ። በባዶ ሃይላንድ ዙሪያ ጭቃ ተራራ አስመስለው ይከምራሉ፤ ውስጡ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው አቼቶ ሲያፈሱበት አረፋው ይገነፍላል። ወዲያው ሐጂ ሱቅ ሄጄ አቼቶ ጠየቅሁ።

«ለምን ፈለግከው?» አሉኝ ሐጂ።

«ለሰላጣ» አልኩ። ጎረቤቴ ከድር አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ልጁ ከልጄ ጋር ስለምትማር ሐሳቤን እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ነው። እሱም ሁለት ጠርሙስ ገዛ። ለሰላጣ።

ቅዳሜ ጭቃውን ስንከምር ሲፈን በመስኮቱ ተራራውን እያየች «አባዬ፣ ጭላሎም ፈንድቶ ያውቃል?» አለችኝ። «ቆይ እስቲ፣ ቪዲዮው ያልፈኛል» አልኳት። ቪዲዮውን ጨርሼ ስልኩን ሳስቀምጥ እሷ አንስታ ጥጓን ያዘች። እኔ ልሞክረው ብዬ አፈሰስኩ፤ ገነፈለ። ደስ ሲል! ደግሜ አፈሰስኩ። ሳላውቀው ጠርሙሱ ባዶውን ቀረ።

በማግስቱ ሐጂ ጋ ስሮጥ መደርደሪያቸው ላይ ለመድኃኒት የሚሆን አቼቶ የለም። «ያ ረቢ!» አሉ፤ «የአሰላ ሰው ምን ነካው? አገር ምድሩ ሰላጣ በላተኛ ሆኖ አረፈው እኮ!» ሌላውም ሱቅ እንደዚያው ነው። በመጨረሻ ባዶውን ጠርሙስ በውሃ አለቅልቄ ያንኑ እጣቢ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ለሲፈን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ሰኞ ክፍሉ በእሳተ ገሞራ ተሞልቷል። ሁላችንም ያንኑ ቪዲዮ ስላየን ተራሮቻችን ሁሉ ግርጌያቸው ላይ የወረቀት ዘንባባ ተክለዋል፤ ጭላሎ ላይ ዘንባባ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። መምህሩ «ለምን ገነፈለ?» ብሎ ልጆቹን ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚመጣው በሹክሹክታ ከወላጆች ወንበር ነበር። የሲፈን ተራ ደረሰ። አፈሰሰች። ጭጭ። አንዱ ልጅ ሳቀ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ፤ የዚያን ለታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ይሄ ጭላሎ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል። «ጭላሎ በጣም ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር። አሁን እሳቱ ጠፍቷል። ስለዚህ አይፈነዳም።» ትንሽ አሰበችና ዘንባባውን ነቅላ ጣለችው። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለካ ተራራው እዚያው ቆሞ ሳለ ሁላችንም ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የከረምነው።

«ይህን ከየት አገኘሽው?» አላት መምህሩ።

«አባዬ በአቼቶው ሲጫወት በስልኩ ፈልጌ አነበብኩት።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ጭብጨባው ግን የእሷ ነበር። እኔም የተሳቀብኝ እስኪረሳኝ ድረስ አጨበጨብኩ፤ ዓይኔም እንባ አቅርሮ ነበር።

ስንወጣ ከድር እጅጌዬን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማኝማ፣ እንዳይፈነዳ እንዴት አድርገህ ነው የሠራኸው? ለሚመጣው ዓመት ሊንኩን ላክልኝ እንጂ» አለኝ።

«ምን ሊንክ ያስፈልገዋል?» አልኩት። «አቼቶውን ለሰላጣ አድርገው።»