የወይዘሮ ፔንጌሊ አፍንጫና አረንጓዴው ግድግዳ

በየሰፈሩ ከራሳቸው ቀድሞ አፍንጫቸው የሚገባ አንዲት ባልቴት አሉ። እኛ ዘንድ የሉም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ሰፈር የለውም፣ ወይ ባልቴቷ እሱ ራሱ ነው። የፕሊመዝ ወደብ ዳር የማሽተት ጠቅላይ መርማሪ ክብርት ወይዘሮ ቶማሲን ፔንጌሊ ይባላሉ። እኔን አምብሮስ ላስኮምን ደግሞ እግዚአብሔር ጎረቤታቸው አደረገኝ።

ወይዘሮ ፔንጌሊ በር አያንኳኩም። ደፉ ላይ ቆመው ሁለት ጊዜ ያነፈንፋሉ፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ። "የትናንቱን ዓሣ ነው የምትበሉት፣ አይደል?" አንድ እሑድ በስብከት መሐል ወደ ቄሱ ሚስት ጎንበስ ብለው "ድስትሽ እያረረ ነው" አሏት። ቤቷ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሮጣ ብትሄድ እውነትም አርሯል። መጠጥ ተውኩ ብሎ የማለው መርከበኛ ጎረቤታችን እሳቸው ሲያልፉ ትንፋሹን ይይዛል። የሚከራከራቸው ሲገኝ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጉና "ይሄ ዋሽቶ አያውቅም፣ የኔ ልጅ" ይላሉ።

ያን ዓመት ግን ቤታችን ለቀልድ የሚሆን አልነበረም። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ሄስተር የብርዱን ወራት ሁሉ ታማ ከረመች። ሆዷን ይቆርጣታል፣ ዓይኗ ያብጣል፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ገጠር አክስቷ ዘንድ ስንልካት እንደ ጥጃ ትቦርቃለች፤ በተመለሰች በሳምንቷ ደግሞ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሙ መጀመሪያ "ጥርስ ነው" አለ፣ ቀጥሎ "ትል ነው"፣ በመጨረሻ "ጸልዩ" አለ። ያኔ ልጄ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ላቪኒያ የልጅቷን መኝታ ቤት በመስከረም ቅጠል በቅጠል የሆነ አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት አልብሳላት ስለነበር፣ "ቢያንስ ተኝታ የምታየው ያማረ ነው" እያለች ትጽናናለች።

አንድ ቀን ወይዘሮ ፔንጌሊ ለልጅቷ ሾርባ ይዘው መጡ። ደረጃው መሐል ቀጥ አሉ።

"አምብሮስ፣ ነጭ ሽንኩርት በልተሃል።"

"እኔ? ነጭ ሽንኩርት በማይበላበት በዚህ አገር?"

"ተደብቀህ ነው የበላኸው። እንደ ፈረንሳዮቹ።"

ላቪኒያ ዞራ አየችኝ። "ከማን ጋር?" አለች።

ሳምንት እንቅልፍ አላየሁም ነበርና ገነፈልኩ። "ወይዘሮ ፔንጌሊ፣ በታላቅ አክብሮት፣ አፍንጫዎን ይላሱ" አልኳቸው። ይህን ስድብ በአንቱታ የተሳደበ ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ ልጅቷ ክፍል ወጡ። አልጋውን አነፈነፉ፣ መጋረጃውን አነፈነፉ፣ ከመስኮቱ ሥር ዝናብ ዘልቆት የሻገተው ግድግዳ ጋ ተንበርክከው አፍንጫቸውን አረንጓዴው ቅጠል ላይ ለጠፉ። ከዚያ ደግመው አነፈነፉ። ፍርዳቸውን ሲከልሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ነጭ ሽንኩርት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ይሄ ጄብ ነው።"

ጄብ ሟቹ ባላቸው ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ማዕድን ከሚቃጠልበት ምድጃ አርሰኒክ የሚባለውን የአይጥ መርዝ እየጠረገ የኖረ ሰው ነበር።

"ሃያ ዓመት ሸሚዙን አጥቤያለሁ። ለሌላው ሰው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ ለኔ ባሌ ነው። እሱን የበላው ነገር የልጅ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?"

ከሻጋታው ጫፍ ቁራጭ ወረቀት ልጠው ሻማ ላይ ያዙት። ጢሱ ሲወጣ እኔም ሸተተኝ፣ ላቪኒያም ሸተታት።

"መርዙ ቀለሙ ውስጥ አለ" አሉ። "ሻጋታው ይበላውና ይተነፍሰዋል። ያንን ደግሞ ልጅቷ ትስበዋለች።"

ላቪኒያ ሄስተርን ታቅፋ ወረደች። ልጃችን ያን ሳምንት ወይዘሮ ፔንጌሊ አልጋ ላይ ተኛች፤ እኛ አፋችንን በእርጥብ ጨርቅ አስረን ግድግዳውን እስከ ድንጋዩ ላጥነው። ለፋሲካ ሄስተር ከውሻ ጋር ትሯሯጥ ነበር። ስንነግረው መጀመሪያ የሳቀብን ሐኪም ዛሬ ወረቀቱን ገና ከጅምሩ ጠርጥሬው ነበር ይላል።

ባለፈው ወር ክብርት ወይዘሮን ብርድ መታቸውና አፍንጫቸው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ሰፈሩ እፎይ አለ፤ መርከበኛውም እንደ ልቡ ተነፈሰ። እኔና ሄስተር ሾርባ ይዘንላቸው ገባን። ሳህኑን ተቀብለው "የምን ሾርባ ነው?" ብለው ጠየቁ። በሕይወታቸው ጠይቀውት የማያውቁት ጥያቄ ነው።

ቀን ቆጠርን፤ አልተከፈተም። በዘጠነኛው ቀን ወደብ ወርጄ ከአንድ የፈረንሳይ መርከብ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ለምኜ፣ በራቸው ላይ ቆሜ ሦስት ፍሬ ጥሬውን አኘክሁ። ዓይኔ እያለቀሰ ገባሁና ፊታቸው ላይ ጎንበስ ብዬ "እንዴት አደሩ?" አልኳቸው።

ፊታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ።

"አምብሮስ፣ በልተሃል።"

"በልቻለሁ፣ ወይዘሮ ፔንጌሊ።" ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። "እንግዲያው ድኗል" አሉ። "አሁን፣ ያኔ እንዳልከኝ፣ እልሰዋለሁ።"