መጋቤ እንግሊዝኛ አንሙት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው ሳይታረም ቤቱ አይገባም። በየሰፈሩ አንድ አራሚ ተመድቦለታልና። ለሔዋን ሰፈር የደረሱት መጋቤ እንግሊዝኛ አንሙት ናቸው። ማዕረጉን ማንም አልሰጣቸውም፤ ጎረቤታቸው ሔዋን ናት በብስጭት የቀባቻቸው።

የኔታ አንሙት ልጅነታቸውን በአብነት ትምህርት ቤት፣ ጉልምስናቸውን እንግሊዝኛ በማስተማር ጨርሰዋል። ሁለቱን ግን አይለዩም። እንግሊዝኛውንም እንደ ዳዊት በስንደዶ እየጠቆሙ መጀመሪያ በቁጥር፣ ቃሉን እየነጣጠሉ፤ ያ ሲጠና በውርድ፣ አያይዘው ያስነብባሉ። የባጃጅ ጥቅስ አርመዋል። ለቅሶ ቤት "ሶሪ" ያለውን ጎረምሳ አስቁመው ቃሉን ለሁለት አስከፍለውታል።

የዛሬው ግን ልክ አለፈ። ሔዋን ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። አምበር ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ለነርስነት የቃል ፈተና ጠርቷታል፤ ይህ ካመለጣት ደጅ የምትጠናበት ሌላ ቦታ የላትም። ራሷን በእንግሊዝኛ የምታስተዋውቅበትን እያነበነበች ስትወጣ አጥሩ ጋ ያዟት።

"'ሃርድወርኪንግ' ነው ያልሽ? በውርድ ማን ፈቀደልሽ?"

"የኔታ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።"

"ሃርድ። ወርክ። ኢንግ። ሦስት ነው። የመጀመሪያውን ጫን በዪ።"

ደጋግመው አስባሏት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ።

ሔዋን ለሽማግሌ ተናግራ የማታውቀውን ተናገረች። "እርስዎ ሰው አይወዱም፤ ስህተት ነው የሚወዱት" አለቻቸው። አበዛች የሚል ካለ እሳቸው ጎረቤት ይከራይ። የኔታ እህል የጫነ አይሱዙ ለምነው አስቆሙና እሷን ጋቢና አስገብተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እሳቸው ጭነቱ ላይ ወጡ። አምበር እስኪደርሱ የጋቢናውን ጣራ ሦስት ሦስት ጊዜ ደበደቡት፤ የመጀመሪያውን ጠበቅ እያደረጉ። ሔዋን ጥርሷን ነክሳ ተጓዘች።

ፈታኞቹ ፊት ምን እንዳለች በቅጡ አታስታውስም። ውጤቱ በሳምንቱ ይለጠፋል ተባለች። ለየኔታ ግን የመጨረሻ ቃሏን ወስናለች፦ ሁለተኛ እንዳያናግሯት።

በሩ ጋ ስትደርስ ድምፃቸውን ሰማች። የክሊኒኩን ዘበኛ ይዘው 'ሃርድ፣ ወርክ፣ ኢንግ' እያሉ ያስቆጥሩታል።

"እሺ፣ ትርጉሙስ ምንድን ነው?" አለ ዘበኛው፣ ስልችት ብሎት።

የኔታ ከጋቢያቸው ላይ ገለባ እያራገፉ፣ "ትርጉሙ ውስጥ ገብታ እየተፈተነች ነው" አሉት።

ሔዋን ከግንቡ ጀርባ ቆመች። ንዴቷ አልለቀቃትም፤ እንባዋ ግን ቀደማት።