የኢድ ጨረቃና የአማቼ ኮከቦች

በዓል ሲቃረብ የአዳማ ሰው የበግ ዋጋ ይጠይቃል፤ እኔ የጨረቃን ዕድሜ እጠይቃለሁ። አትሳቁ። ኮከብ ማየት የሚወድ ሰው ጨረቃን እንደ ጎረቤት ቴፕ ነው የሚያያት፤ እሷ ከጮኸች ሌላ ነገር አይሰማም። እኔ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሰው ኮንቴነር ከጉምሩክ ሳስለቅቅ የምውል ትራንዚተር ነኝና ከከተማ መብራት ርቄ የማመሸው በበዓል ሰሞን ብቻ ነው። በዓሎቻችን ደግሞ ለዚህ ነገር ብዙም አይመቹም። ፋሲካን እዩት። አቆጣጠሩ ራሱ ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ ስለሆነ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን፣ ዶሯችንን በልተን ወደ ሰማይ ቀና ስንል፣ እሷም አብራን የፈሰከች ይመስል ጠግባ ትጠብቀናለች። ገናና ጥምቀት እንደ ዕድል ናቸው። የእኛ ቤት በዓል አይሁን እንጂ ለኮከብ እንደ ኢድ አልፈጥር የሚሆን የለም። ጨረቃዋ ገና ቀጭን ናት፤ ከፀሐይ ኋላ ብቅ ብላ ብዙም ሳትቆይ ትጠልቃለች፤ ከዚያ ሰማዩ የኮከቦቹ ነው።

የዘንድሮው ጉዞ ግን ለእኔ አልነበረም። አማቼ ጋሽ ታደሰ የድሮ የአሰብ መስመር ሹፌር ናቸው፤ ስንት ዓመት ሙሉ በረሃ ላይ፣ ከጭነቱ በላይ ሸራ ላይ ተጋድመው ኮከብ እያዩ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰው። አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ደግሞ ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ሐኪሙም ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አልደበቃቸውም። "ከዚያ በፊት አንድ ቀን ኮከብ ወደሚታይበት ውሰደኝ" አሉኝ። እኚህ ሰው ልጃቸውን አስቴርን ሲድሩልኝ እንኳ ምንም ነገር አልጠየቁኝም።

ስልኬን ከፍቼ አሰላሁ። ኢድ ቅዳሜ ይውላል፤ ቅዳሜ ማታ ሄደን፣ ኮከባችንን አይተን፣ እሑድ ወደ ሆስፒታል። የምንሄድበት ሚኒባስ የጎረቤቴ የጀማል ነው፤ የሚነዳውም እሱ፤ ቦታውም ሁሩታ ያለው የአጎቱ አውድማ። ስለዚህ ኩራት እየተሰማኝ ሄጄ "ኢድ ቅዳሜ ነው" ብዬ አበሰርኩት። አስቡት፤ ለሙስሊም ሰው፣ ኢዱን፣ እኔ!

"ጨረቃዋ ሳትታይ ማን ነገረህ?" አለኝ ጀማል።

"ስልኬ።"

"እንግዲያው ለስልክህ ንገረው። ዓርብ ማታ ካልታየች ኢዱ እሑድ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዋዜማ ነው፤ ከቤቴ የትም አልወጣም።"

ለካ እኔ ያሰላሁት ጨረቃዋ የምትወለድበትን ነው እንጂ ሰው የሚያያትን አይደለም።

ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ሁለታችን ከኮንዶሚኒየማችን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ቆመናል። ጀማል በቴምር አፍጥሮ ወደ ምዕራብ ያያል፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ብሼ አንገቴን እስኪያመኝ አንጋጥጫለሁ። ዕድሜ ልኬን ጨረቃን ስሸሽ ኖሬ "እባክሽ ብቅ በይ" ስላት ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። አቧራው ምዕራቡን ሸፍኖታል። አንዴ ያየኋት መሰለኝና ጮህኩ፤ የቴሌቪዥን ዲሽ ነበር። ከዚያ ወርደን ዜናውን ስንጠብቅ አመሸን። በመጨረሻ ተነገረ፤ አልታየችም፤ ኢድ እሑድ ነው።

ሌላ መኪና ፍለጋ ደወልኩ፤ በበዓል ዋዜማ ማን ይገኛል! ለጋሽ ታደሰ ስነግራቸው "ይሁን ልጄ፣ ምን ይደረጋል" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ክላክስ ተነፋ። ጀማል ነው፤ ከንፈሩ በጾም ደርቋል።

"ጋሼን አውርዳቸው።"

"ዋዜማውስ?"

"ሌሊቱን እንመለሳለን። የኢድ ሶላት ካመለጠኝ ግን ሚስቴ የምታርደው በጉን አይደለም፤ አንተን ነው።"

አስቴርም አብራን ተሳፈረች፤ ዴራ ላይ ፀሐይ ገባች። ጀማል መኪናውን ጥግ አስይዞ በቴምርና በውኃ አፈጠረ። ቀና ስንል፣ ትናንት ለምነናት የቀረችው ጨረቃ ማንም ሳይጠራት ቁልጭ ብላ ቆማለች። የምትሰደብ ነበረች፤ ግን የኢዳቸው ጨረቃ ናትና ምላሴን ያዝኩ።

አውድማው ላይ ደርሰን እስክትጠልቅ ጠበቅን። መብራት በሙሉ አስጠፋሁ፤ አስቴር ስልኳን ብትነካው ተቆጣኋት፤ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋላ። ጀማል አሥር ጊዜ ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ታደሰ ገለባው ላይ ተንጋለው ወደ ላይ አፈጠጡ። አስቴር እጄን ይዛ ልትሰብረው ደረሰች። ሰማዩ እንዲያ ሞልቶ እሳቸው ምንም ባያዩስ?

"እነዚያ ሦስቱ፣ ተሰልፈው የሚሄዱት…" አሉ በመጨረሻ። "ለእኔ አንድ ሆነዋል። ግን አሉ።"

ትንፋሼን ለቀቅኩ። እሳቸው ግን እየተደገፉ ተነሱ።

"ጀማል፣ የመኪናውን መብራት አብራልኝ።"

"አባባ፣ መብራት ከበራ እኮ ኮከቡ ይጠፋብዎታል" አልኩ።

"ይጥፋ። እሱን ሳየው ኖሬያለሁ። ሰኞ ነገሩ ቢከፋ፣ መጨረሻ ያየሁት እሱ እንዲሆን አልፈልግም። ኑ፣ እዚህ መብራቱ ላይ ቁሙልኝ።"

ጀማል አበራው፤ ሰማዩ በአንዴ ጥቁር ሆነ። ጋሽ ታደሰ አስቴርን አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት፤ አንድ በአንድ፣ ግንባሯን፣ ቅንድቧን እያዩ ቆዩ። ቀጥሎ ጀማልን ትከሻውን ይዘው አዩት፤ ሰዓቱን ማየት ትቷል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጄን ፊቴ ላይ ጋርጃለሁ። መብራቱ ነው የወጋኝ በሉልኝ።

"እጅህን አውርድ እንጂ፣ ልይህ" አሉኝ።

አወረድኩ።