ልብስ ሰፊው ነጋ ከውክልና እንዲነሱ ፊርማ ስለሚሰበሰብበት ደንብ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ቦታ፦ ልደታ፣ ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የቀበሌያችን አዳራሽ (የቀበሌው ቁጥር በማኅተሙ ላይ ስለሚነበብ አልተደገመም)

የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 2፡30

የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡10

የተገኙ አባላት፦

1. ጓድ ጴጥሮስ ገብረየሱስ፣ ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የተላኩ፣ ሰብሳቢ
2. ጓድ ነጋ ወልደ ሚካኤል፣ ልብስ ሰፊ፣ የቀበሌው ተመራጭ ተወካይ፣ ይነሱ የተባሉት
3. አቶ በከር ሳኒ፣ ባለሱቅ
4. ወ/ሮ ጠጅቱ ቦጂያ፣ በዕድሜ አንጋፋ አባል («ጓድ» ብላችሁ ከጻፋችሁኝ አልመጣም ስላሉ እንደዚህ ተጽፈዋል)
5. ጓድ ነፊሳ ሰላሃዲን፣ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ
6. ወልደገብርኤል ሸዋዓለም፣ እጅ ጽሑፉ ይነበባል ተብሎ ሳይጠየቅ የተሾመ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ አብዱልመናን። አሞኛል ብለው ልከዋል። በ5 ሰዓት ላይ ዳቦ ይዘው በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ ስለታዩ ጉባኤው በመሻላቸው የተሰማውን ደስታ ገልጿል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ሠላሳ አንድ ነዋሪዎች በታዛቢነት ተቀምጠዋል። የጓድ ነጋ ባለቤት ወ/ሮ ወርቅዬም ከኋላ በበሩ አጠገብ ነበሩ።

ስለ ስብሰባው ምክንያት

በሰብሳቢው ትእዛዝ የጓድ ነጋ ማመልከቻ ተነበበ። ማመልከቻው የልብስ ቅድ በሚወጣበት ወረቀት ጀርባ የተጻፈ ሲሆን፣ ከመካከሉ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የወገብ ልክ ሰፍሮበታል። አመልካቹ የዛሬ ሦስት ዓመት በምርጫው ዕለት ዘግይተው እንደደረሱ፣ ባዶ ወንበር ከፊት ለፊት ብቻ ስለነበረ እዚያ እንደተቀመጡ፣ በዚሁም ምክንያት እንደተመረጡ ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ስብሰባ ስለሚውሉ የስፌት መኪናቸው ዝጓል፤ ደንበኞቻቸውም የሰጡትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ወስደዋል። በገዛ ፈቃድ መልቀቅ የሕዝብን አደራ እንደ መግፋት ስለሚያስጠይቅ፣ ከውክልና የሚወጡበት መንገድ የመረጧቸው ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቻቸው ፈርመው እንዲያወርዷቸው «በታላቅ ትሕትና» ለምነዋል።

ሰብሳቢው አትሻሩኝ ብሎ የሚለምን ብዙ ሰው እንዳዩ፣ ሻሩኝ ብሎ የሚለምን ግን ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናገሩ። ነገሩ ያለ ደንብ ከተሠራ ሌላውም ሰው ሊለምደው ስለሚችል፣ ከፊርማው በፊት የፊርማ ደንብ ይውጣ ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ፈራሚዎች ብዛት

ሰብሳቢው ይዘውት የመጡት መመሪያ «ከመረጡት ሰዎች ከግማሽ በላይ» ይላል። ጓድ ነጋን የመረጡት በዕለቱ ዝናብ ስለነበረ አዳራሹ ውስጥ የተጠለሉ አርባ ሰዎች ናቸው። ከነዚህ አራቱ በሞት ስለተለዩ፣ ግማሹ የሚሰላው ከአርባ ነው ወይስ ከሠላሳ ስድስት የሚል ጥያቄ ተነሣ። አቶ በከር ሙታን ከቀበሌው ስለወጡ ከቁጥር ይውጡ አሉ። ወ/ሮ ጠጅቱ በበኩላቸው ከሞቱት አንዱ ባለቤታቸው እንደሆኑ፣ በሕይወት ሳሉ ማንም ከቁጥር አስወጥቷቸው እንደማያውቅ ተናግረው ተቀመጡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሙታን እስካሁን ምንም ቅሬታ ስላላቀረቡ በተወካዩ ደስ እንደተሰኙ ተቆጥሮ፣ ከአርባው ሃያ አንድ ሰው በሕይወት እያለ እንዲፈርም ተወስኗል። (ውሳኔ 1)

አጀንዳ 2፦ ስለ ተወካዩ ጥፋት

ጥፋት ያልተጻፈበት ፊርማ ዋጋ እንደሌለው መመሪያው ስለሚደነግግ፣ ሰብሳቢው የተወካዩን ጥፋት የሚያውቅ እንዲናገር ጠየቁ። አውቃለሁ የሚል አልተገኘም። በዚህ ጊዜ ጓድ ነጋ ራሳቸው እጃቸውን አውጥተው አራት ጥፋት አቀረቡ።

አንደኛ፣ በውይይት ክበብ ተኝቻለሁ አሉ። ጓድ ነፊሳ በውይይት ክበብ ያልተኛ ሰው ካለ ይነሣና እንየው፣ ጓድ ነጋ እንዲያውም አያንኮራፉም ሲሉ ተቃወሙ። ሰብሳቢው እሳቸው በውይይት ጊዜ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት ለማሰብ መሆኑን ማንም ሳይጠይቃቸው አስረድተዋል።

ሁለተኛ፣ ቦኖው ሲደርቅ ሰባት ወር ሙሉ ምንም አልፈየድኩም አሉ። ወ/ሮ ጠጅቱ «አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈሃል። ውሃው ማንበብ ካልቻለ አንተ ምን ታደርግ?» ብለው ጥፋቱን ውድቅ አደረጉት።

ሦስተኛ፣ አቶ በከር የሱቃቸውን ቆርቆሮ ሁለት ክንድ ወደ መንገዱ ሲያወጡት አይቼ ዝም ብያለሁ አሉ። አቶ በከር ይህ አርቆ አስተዋይነት እንጂ ጥፋት እንዳልሆነ፣ በክረምት ስንት መንገደኛ እንደሚጠለልበት አስረድተው ከመዝገብ እንዲሰረዝ ጠየቁ።

አራተኛ፣ ለማንም እምቢ ማለት ስለማይሆንልኝ አንድ የቀበሌ ቤት ለሁለት ቤተሰብ ሰጥቻለሁ አሉ። የሁለቱ ቤተሰብ አባወራዎች ከታዛቢዎች መካከል አብረው ተነሡ። መጀመሪያ ቤቱን በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው እንደነበር፣ ቆይቶ ልጅ ሲወለድ መጋረጃው መጠቅለያ ሆኖ እንደወረደ፣ አሁን አበልጅ ሆነው እንደሚኖሩና ማንም እንዳይለያቸው አመለከቱ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጥፋቱም ወደ መልካም ሥራ ተዛውሮ ተመዘገበ።

ጓድ ነጋ ላባቸውን ጠርገው፣ «እንዴት ያለ ሕዝብ ነው? ሰው ሲለምናችሁ እንኳ አትወቅሱም?» አሉ።

ወ/ሮ ወርቅዬ ከኋላ ተነሡ። ሰብሳቢው ታዛቢ የመናገር መብት እንደሌለው ሲያስረዱ፣ ወ/ሮ ጠጅቱ «ተናገሪ ልጄ፤ እሱ እስኪጨርስ አንቺም ትጨርሻለሽ» አሉ። የተናገሩት ቃል በቃል እንዲመዘገብ ስለተጠየቀ እንደሚከተለው ተመዝግቧል።

«ጥፋት ካጣችሁ እኔ አለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ትልቋን ልጃችንን ስንድር አባቷ እዚህ ነበር። ስብሰባ እንዴት እንደሚያጥር ልትነጋገሩ ተሰብስባችሁ! ሙሽራው መጥቶ ሦስት ሰዓት ጠበቀ። ልጄ የአባቷን ጉልበት ሳትስም፣ ሳይመርቃት ወጣች። እሱ ሲደርስ ድንኳኑ እየተነቀለ ነው። ለማንም ምንም አላለም፤ ስፌት መኪናው ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አሁን ደግሞ ትንሿ ጥር 18 ናት። ቀሚሷን የሚሰፋላት እሱ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ እጅጌ የለውም። እኔም ያን ቀን እጄን አውጥቼ መርጬዋለሁ፤ ጥፋቴን አምናለሁ። በቃኝ። ባሌን መልሱልኝ።»

ጓድ ነጋ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጸሐፊውም ዓይኑን ጠርጓል፤ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ የወሰነው ራሱ ነው።

ተወካዩ «ለሕዝብ እሺ ሲሉ ቤታቸውን በድለዋል» የሚለው ጥፋት ሆኖ እንዲመዘገብ ያለ ተቃውሞ ተወስኗል። (ውሳኔ 2)

አጀንዳ 3፦ ስለ ፊርማ ቅደም ተከተል

ባዶው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። መጀመሪያ ማን ይፈርም የሚለው አርባ ደቂቃ ወስዷል። አቶ በከር ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፣ ወ/ሮ ጠጅቱ ይቅደሙ አሉ። ወ/ሮ ጠጅቱ ዘመኑ የወጣት ስለሆነ ጓድ ነፊሳ ይቅደሙ አሉ። ጓድ ነፊሳ ከሰብሳቢ በፊት መፈረም ነውር ነው አሉ። ሰብሳቢው እዚህ ቀበሌ መራጭ እንዳልሆኑ ገልጸው ስለዚህም ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ወዲያውም የመጨረሻዋ ሐረግ እንዳትጻፍ ለጸሐፊው አሳሰቡ። ጸሐፊው ግን ጽፏት ነበር። እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» የሚለው ብቻ ይሰማ ነበር። ይህ ሕዝብ ደንበኛ ጨዋ ነው፤ ስሙ በዝርዝር አናት ላይ የሚወጣ ሲሆን ደግሞ ጨዋነቱ ይበረታል።

አቶ በከር ስሞች በክብ ቢጻፉ ማን እንደቀደመ አይታወቅም ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በቅቤ ቆርቆሮ ክዳን ክብ ተሠራ። ክቡ እጅግ ያማረ ቢሆንም መጀመሪያ እስክሪብቶውን የሚያነሣ ሰው አሁንም ስላስፈለገ ሥራ ላይ አልዋለም። ሁሉም እስክሪብቶውን በአንድነት ይያዘው የሚል ሐሳብ ከታዛቢዎች ቢቀርብም በእስክሪብቶው ማጠር ምክንያት ውድቅ ሆኗል።

በዚህ መካከል ወ/ሮ ወርቅዬ ከኋላ መጥተው፣ እስክሪብቶውን ከአቶ በከር እጅ ወስደው ፈረሙ። አንድ ስም ወረቀቱ ላይ ከታየ በኋላ የቀረው ሃያ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተሰልፎ ፈርሟል። ጓድ ነጋ እየዞሩ የእያንዳንዱን እጅ ጨበጡ። ከተመረጡ ወዲህ ጸሐፊው ሲስቁ ያያቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አስቀድሞ የፈረመው አስቀድሞ እንዲፈርም ተወስኗል። (ውሳኔ 3)

አጀንዳ 4፦ ስለ ተተኪ

ሰብሳቢው መመሪያውን ሲያጥፉ ከጀርባው አንድ አንቀጽ መኖሩን አዩ። አንቀጹም «አዲስ ምርጫ እስኪካሄድ ድረስ በተነሣው ተወካይ ቦታ በፊርማው ዝርዝር ቀዳሚ የሆነው ሰው ይሠራል» ይላል። አዳራሹ በሙሉ ወ/ሮ ወርቅዬን ዞሮ አየ።

ወ/ሮ ወርቅዬ «እሺ። እሱ ቀሚሱን ይስፋ፤ እኔ እሠራለሁ» አሉ። ቀጥለውም ሥራ ለመጀመር ያህል ብለው አራት ነገር ተናገሩ። የአቶ በከር ቆርቆሮ ነገ ወደ ቦታው ይመለስ። ወ/ሮ ጠጅቱ አግብታ ጅማ በገባችው ልጃቸው ካርድ ስኳር ስለሚወስዱ ካርዱን ያስረክቡ። 2፡30 ብሎ ጠርቶ በ4፡10 መምጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤዎች የት እንዳሉ ጸሐፊው ይናገር። ጸሐፊው በክረምቱ ከሰል ጠፍቶ እንደነበር፣ ወረቀት ደግሞ ቶሎ እንደሚያያዝ አስታውሷል።

የአምስት ደቂቃ ዕረፍት ተጠየቀ። ከዕረፍት ሲመለሱ የጉባኤው ስሜት ተለውጦ ተገኝቷል። አቶ በከር «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል፣ እንደ ጓድ ነጋ ያለ ተወካይ ከየት ይገኛል አሉ። ወ/ሮ ጠጅቱ ጓድ ነጋን እንደ ልጃቸው እንደሚያዩአቸውና ልጅ እንደማይሻር ተናገሩ። ከፈረሙት አሥራ ሁለቱ ወረቀቱ የስም መቆጣጠሪያ መስሏቸው እንደፈረሙ፣ ሦስቱ ዘይት የመጣ መስሏቸው እንደተሰለፉ፣ የቀሩት ደግሞ መነጽር እንዳልያዙ አመለከቱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከውሳኔ 1 እስከ 3 ያሉት ደንቦች፣ የተሰበሰቡት ፊርማዎችና በቅቤ ክዳን የተሠራው ክብ በሙሉ እንዲሰረዙ፣ ጓድ ነጋም በተወካይነት እንዲቀጥሉ ለድምፅ ቀረበ። ጓድ ጴጥሮስ፣ አቶ በከርና ወ/ሮ ጠጅቱ ደገፉ። ጓድ ነፊሳ ተቃወሙ። ጸሐፊው ደግፏል፤ ድጋፉ አላኮራውም። ጓድ ነጋም ከልማድ የተነሣ እጃቸው ከደጋፊዎቹ ጋር ወጥቶ ነበር። ባለቤታቸው ሲያዩአቸው አወረዱት፤ ነገር ግን ተቆጥሮ ነበር። በአምስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። (ውሳኔ 4)

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

የተሰረዘው በትክክል መሰረዙን የሚያረጋግጥ ጠቅላላ ስብሰባ እንዲጠራ ሰብሳቢው አሳሰቡ። የሚመጣው እሑድ ጥምቀት ስለሚውል ስብሰባው ጥር 18 ከጠዋቱ 2፡30 እንዲሆን፣ ጓድ ነጋም በሰብሳቢነት እንዲመሩት አስታወቁ።

ጓድ ነጋ ተነሥተው «አልመጣም» አሉ።

ሰብሳቢው አልሰማሁም፣ ይድገሙት አሏቸው። ጓድ ነጋ «ጥር 18 አልመጣም። ልጄን እድራለሁ። ጉልበቴን ስማ፣ መርቄያት ነው የምትወጣው» አሉ። ጸሐፊው በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከጓድ ነጋ አፍ ጽፎ ስለማያውቅ ከሥሩ አስምሮበታል።

ሰብሳቢው ከጠቅላላ ስብሰባ ያለ ፈቃድ የሚቀር ተወካይ ጥፋተኛ ስለሆነ ፊርማ ተሰብስቦበት ይነሳል ሲሉ አስጠነቀቁ። ጸሐፊው በየትኛው ደንብ ብሎ እንዲጽፍ ጠየቀ። የፊርማው ደንብ ከሩብ ሰዓት በፊት መሰረዙ ታወሰ። ሰብሳቢው እንግዲያው ስረዛው ይነሣና ደንቡ ይመለስ ሲሉ፣ አቶ በከር ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ደንቡ ከተመለሰ ፊርማውም እንደሚመለስ፣ ፊርማው ከተመለሰ ደግሞ በአናቱ ያሉት ወ/ሮ ወርቅዬ እንደሚመለሱ አስገነዘቡ። ወ/ሮ ወርቅዬ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ።

በመጨረሻም፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ፣ የጥር 18ቱም ስብሰባ እንዳልተጠራ እንዲቆጠር፣ ጓድ ነጋ አልመጣም ማለታቸውን ማንም እንዳልሰማ ሆኖ እንዲታለፍ በአንድ ድምፅ ተወስኗል። (ውሳኔ 5፣ የመጨረሻ)

ጓድ ነጋና ባለቤታቸው የስብሰባውን መዘጋት ሳይጠብቁ አብረው ወጥተዋል። ጉባኤው ከቀኑ 8፡20 ላይ ተበትኗል።

ጸሐፊ፦ ወልደገብርኤል ሸዋዓለም (ጥር 18 እኔም አልገኝም፤ ሠርግ ተጠርቻለሁ።)