ልቤ ግመል ገዛ

ልቡን አምኖ የከበረ ሰው ማይክ ይሰጠዋል፤ ልቡን አምኖ የከሰረ ሰው ግን የሚሰጠው «አይዞህ» ብቻ ነው። ዓለም ሁሉ «ልብህን ስማ» እያለ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ሌላኛውን ወገን የጠየቀው የለማ! እነሆ እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ። ማይክ ባይሰጡኝም ይህቺን ዓምድ አላጣሁም...

ስለ ልቤ ግን ክፉ እንዳታስቡ። ሰነፍ ልብ አይደለም። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ከሃያ ዓመት በላይ የቤት ዕቃ ስሸጥ አብሮኝ የሠራ ልብ ነው። ቴርሞስ ሊገዛ የመጣ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ያሸታል፤ የማይገዛው ዋጋ ይጠይቃል። ፍራሽ የምትገዛ ሴት በመዳፏ ጫን ጫን ታደርገዋለች፤ የማትገዛዋ ቁጭ ብላበት የእግሯን ድካም ታራግፍበታለች። (ብዙዎቻችሁ ከሁለተኛዋ ወገን እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ምንም አይደል፣ ፍራሹም ለምዶታል።) አንድ ሰው የሱቄን ደፍ ሲረግጥ ልቤ «ይሄ ባልዲ ነው» ይለኛል፤ ባልዲ ይሆናል። «ይቺ መጥበሻ ናት» ይለኛል፤ መጥበሻ ትሆናለች።

ታዲያ ምን ጎደለህ? አትሉኝም? ጎደለኝማ! በመንገዳችን በግራም በቀኝም ሱቅ የከፈተ ሁሉ ቴርሞስ ሻጭ ሆነ። ቴርሞሱ ከሻይ ጠጪው በለጠ። እኔም ዓይኔን ወደ ከብት ገበያው፣ በተለይም እዚያ ወዳለችው አንዲት ግራር ጣልኩ። ከግራሯ ሥር የሚቀመጡት ደላሎች ናቸው። ማንም ብድግ ብሎ «ደላላ ነኝ» አይልም፤ ቦታው የተወሰነ ነው፤ የሚቀመጠውም የተፈቀደለት ብቻ ነው። በቅርቡ አንደኛው ከልጁ ጋር ሊኖር ወደ ኢሲዮሎ ሄደና ቦታው ክፍት ሆነ። ያቺን ክፍት ቦታ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ተቀምጬባታለሁ መሰላችሁ!

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለ ነው አሠልጣኙ ከናይሮቢ የመጣው። ለነጋዴዎች የአንድ ቀን ሥልጠና፤ ሻይና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በነፃ። ሰውየው ጫማው ሹል፣ ፈገግታው ሰፊ ነው። «የተሳካላቸው ሰዎች ሁሉ የውስጣቸውን ድምፅ የሰሙ ናቸው። ዓይናችሁን ጨፍኑ! እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ! ምን ይላችኋል?» አለን። እናንተዬ... የሞያሌ ነጋዴ በሰው መሐል ሁለት ዓይኑን በአንድ ጊዜ ጨፍኖ ያውቃል? እኔ ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ ማንዳዚዬን ጠበቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው የልብስ ነጋዴ ደግሞ ቀኙን ጨፍኖ በግራው የኔኑ ማንዳዚ ያያል። ቢሆንም ድምፁ መጣ! «ተነስ፤ ከግራሯ ሥር ሂድና ተቀመጥ» አለኝ።

ማታ ሳይሆን እዚያው ቀን፣ ሱቅ እንደተመለስኩ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«የሩት አባት፣ ግመል ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ልቤ ያውቃል።»

«ልብህ ከዚህ ሱቅ ወጥቶ ያውቃል?»

መልስ ላጣሁለት ጥያቄ አንድ የታወቀ ዘዴ አለኝ። «ቁልፉን ያዢ» ብያት ወጣሁ።

የደላሎቹ አለቃ ምዜ ሃላኬ ናቸው። ሽማግሌን እዚህ አገር ሁላችንም «ምዜ» ነው የምንለው፤ እሳቸው ግን ገና ፀጉራቸው ጥቁር ሳለም ምዜ ነበሩ ይባላል። ግራሯ ሥር ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«የቴርሞሱ ሰውዬ፣ ምን እግር ጣለህ?»

«ያቺን ክፍት ቦታ ፈልጌ ነው፣ ምዜ።»

ደላሎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። የሚያስፈራው እሱ ነው።

«መልካም» አሉኝ። «ነገ የገበያ ቀን ነው። በራስህ ዓይን አንዲት ግመል ግዛ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሰህ ሽጣት። ከሆነልህ ትቀመጣለህ። ካልሆነልህ ደግሞ የዚህን ቦታ ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብን።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዲት ግመል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ልብ።

በማግስቱ ገበያ ስደርስ አቧራው ተነስቷል። እዚህ ላይ ወደ ስሕተቴ እየተጠጋን ነውና ቀረብ በሉ። በኛ አገር ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሰው ሲገናኝ «ነጋ?» ይባባላል፤ ሰላም ነው? ማለት ነው። «ነጋ» ይባላል በመልሱ። እዚያ ላይ ያበቃ የመሰለው ሰው ግን ገና ጀማሪ ነው! ሣሩስ? ውኃውስ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ? ያነከሰችው ፍየልስ? የአማት ጉልበትስ እንዴት ዋለ? ደላሎቹ አንድ ወይፈን ለመግዛት ግማሽ ሰዓት ሰላምታ ይሰጣጣሉ። ሱቄ ደጃፍ ሆኜ ይህን ሳይ ሁልጊዜ «ሥራ የጠላ ሰው» እል ነበር። በዚያን ቀን ደግሞ ሥልጠናው ገና ከላዬ አልወረደም፤ የውስጤን ድምፅ ይዤ የሰው አማት ጉልበት ምን ያደርግልኛል?

ከዚያ አየኋት። ረዥም፣ ወተት መሳይ፣ ሽፋሽፍቷ እንደ ሙሽራ የተኳለ ግመል! ቆማ ታመነዥካለች። ዞር ብላ አየችኝ። ልቤ ዘለለ። «እሷ ናት!» አለኝ። ባለቤቷ ቦሩ የሚባል፣ ኦዳ መንደር የሚኖር፣ በኔ ዕድሜ ያለ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ነጋ?» አልኩት።

«ነጋ» አለና የተቀረውን ሰላምታ ሊቀበለኝ ተመቻችቶ ቆመ።

እኔ ግን ከትከሻው ላይ ፎጣውን ስቤ «እጅህን አምጣ!» አልኩት። ዋጋ እዚህ በአፍ አይነገርም፤ ሁለት ሰው በፎጣ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዞ በጣት ይከራከራል፤ ከዳር የቆመ ሰው ምንም አይሰማም።

ቦሩ እጁን አልሰጠኝም። ትክ ብሎ አየኝ። «ሌላ የምትጠይቀኝ የለም?»

«የለም። ልቤ ነግሮኛል።»

«ልብህ ኦዳ ዘመድ አለው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱም እንደማዘን ብሎ እጁን ሰጠኝ። ፊታችን ስለ ዝናብ ያወራል፤ ጣቶቻችን ከፎጣው ሥር ይጣላሉ። ጣቱን ስጨምቅ ይስባል፤ ሲጨምቀኝ እስባለሁ። በመጨረሻ መዳፌን ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ አለቀ። ሺሊንጉን ተቀበለኝ፣ በፎጣው ጥግ ቋጠረው፣ ገመዱን አስጨበጠኝና «ደኅና ዋል» አለኝ። ከዚያ እንደገና አሰበበትና «ማለቴ... እንገናኛለን» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ልቤ ይህን ሲሰማ ምንም አላለኝም። ለግዢ እንጂ ለማስጠንቀቂያ አልተቀጠረም መሰለኝ።

ከድንበሩ ማዶ የመጣ አንድ ገዢ ወዲያው ተጠጋ። ደስታዬ! ግመሏን አንዲት ግንድ ላይ አሰርኩና ማሞገስ ጀመርኩ። «እይ ቁመናዋን! እይ ሽፋሽፍቷን! እይ እርጋታዋን!» ስል ገዢው ከኋላዬ አሻግሮ ያያል።

«እርጋታዋን አያለሁ» አለኝ። «ግን ወዴት ነው የምትሄደው?»

ዞር ብል... ገመዱን ፈታዋለች እንበል፣ በልታዋለች እንበል፣ ጸልያበታለች እንበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግመሊቱ እየሄደች ነው። መሮጥ የለ፣ መደንበር የለ! ሰዓቱ ደርሶ ከቢሮ እንደሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች። ገበያተኛው መንገድ ይለቅላታል። ይባስ ብሎ አንድ ፍየል ሻጭ ሰላም አላት! ከግራሯ ሥር ደግሞ አንዱ ደላላ ጮክ ብሎ «ዛሬ ደግሞ ማን ገዛት?» ብሎ ጠየቀ።

ዛሬ ደግሞ?!

ቦዳቦዳ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ሞተር ነጂው ገና አፌን ሳልከፍት «የቦሩ ግመል ናት?» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ባባ ሩት፣ ይህ መንገድ እኮ የታወቀ ሒሳብ አለው። መሄጃና መመለሻ፣ ሻይ ጠጥተህ እስክትወጣ መጠበቂያውን ጨምሮ።»

«ምን ሻይ?»

«ትደርስበታለህ» አለኝ።

መንገድ ላይ ደረስንባት። ወርጄ ገመዷን ጎተትኩ። ቆማ ከላይ ወደ ታች አየችኝ፤ የሩት እናት «ግመል ታውቃለህ?» ስትለኝ ያየችኝን አስተያየት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። ለቀቅኋት። እሷ ከፊት፣ እኔና ቦዳቦዳው ከኋላ፣ እንደ ሚዜ እየተከተልን ኦዳ ገባን።

ቦሩ ቀድሞን በሰው መኪና ደርሷል። ሚስቱ ሻይ አፍልታ አንድ ትርፍ ኩባያ ቀድማ አውጥታለች።

«አራተኛው ነህ» አለችኝ ወንበር እየሰጠችኝ። «ሦስተኛው ስኳር ይወድ ነበር። አንተስ?»

ደሜ ፈላ። «ቦሩ! ሸጠህልኝ የለም እንዴ?»

«እኔ ሸጬልሃለሁ» አለ ረጋ ብሎ። «እሷ ናት ያልተሸጠችው። የተወለደችው እዚህ፣ የወለደችውም እዚህ ነው፤ የትም ብትወስዳት ትመለሳለች።»

«ታዲያ አትነግረኝም ነበር?»

«መች ጠየቅኸኝ?» አሁን ድምፁ ከፍ አለ፤ በእውነት ቅር ብሎታል። «ሰው 'ከብቶቹስ ሰላም ናቸው?' ብሎ ጠይቆኝ እዋሻለሁ? 'ሰላም ናቸው፣ ከአንዷ በስተቀር' እልህ ነበር። አንተ እኮ ከ'ነጋ' በኋላ ቃል አልጨመርክም! እንደ ሌባ እጄን ነው የሳብከው።»

ቦሩ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ቋጠሮውን እንዳለ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። አልፈታውም።

«እንደምትመጣ ስለማውቅ ነው» አለኝ። «ሻይህን ጠጣ።»

ጠጣሁ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ጎንበስ ስትል የግራሯ ሥር ቦታ ከፊቴ ስትርቅ ይታየኛል። አፍሬ ዝም ብል ግን ይበልጥ ሊያሳፍር ሆነ፤ ስለዚህ ያልጠየቅሁትን መጠየቅ ጀመርኩ። ሣሩስ? ውኃውስ? የአማት ጉልበትስ? ጉልበታቸው ለካ ክፉኛ ያማቸዋል! ሚስትየዋ በመሐሉ «አንተ የዕቃ ነጋዴ ነህ አይደል? ስድሳ ኩባያ በአንድ ጊዜ ይገኛል? ጆግስ፣ ትልልቁ?» አለችኝ። ይገኛል አልኳትና ቦዳቦዳዬ ላይ ወጣሁ።

ከተማ ስገባ መንገዴን አሳብሬ በጓሮ ሱቄ ልገባ ነበር። ግን የወደቀ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊት ይውደቅ ብዬ ወደ ግራሯ ሄድኩ። አንዱ ደላላ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ምዜ፣ ቦታውን ለግመሊቱ እንስጣት! አራት ጊዜ ተሸጣ ከቤቷ ያልወጣች፣ ከሷ የበለጠ ነጋዴ የት ይገኛል?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱን ነው።

ምዜ ሃላኬ አሁንም አልሳቁም። አጠገባቸው እንድቀርብ በእጃቸው ጠቀሱኝና ሰላምታ ጀመሩ፤ ሙሉውን! ኦዳ ሣሩ እንዴት ነው? ውኃው? ቦሩ? የቦሩ ሚስት? አማቱ? እኔም ሁሉንም መለስኩ፤ አሁን እኮ ሁሉንም አውቃለሁ። «ደግሞ ሠርግ አለባቸው» አልኳቸው።

ከግራሯ ሥር ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ቦሩ ነገረህ?» አሉኝ።

«አልነገረኝም። ሚስቱ ስድሳ ኩባያና ትልልቅ ጆግ ጠየቀችኝ። ለስድሳ ሰው ሻይ የሚያፈላ ቤት ልጁን እየዳረ ነው።»

«ልጁን ከዳረ...» አለ አንዱ ደላላ።

«ሁለቱን ሰንጋዎች ወደ ገበያ ያወጣቸዋል» አለ ሌላው። እነዚያን ሰንጋዎች «አልሸጥም» ሲል ከርሞ ደላላውን ሁሉ አሰልችቶት ኖሯል።

በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህ ሰዎች አንዱን ከብት ከሩቅ አይተው «ልቤ አልወደደውም» ሲሉ የውስጥ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። የውጭ ድምፅ ነው! አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በረዥም ሰላምታ መሐል የነገራቸው ነው፤ ማን እንደነገራቸው ረስተውት እንጂ። የኔም ልብ ባልዲና መጥበሻ የሚለየው ሃያ ዓመት የባልዲና የመጥበሻ ሰው ሲያነጋግር ስለኖረ ነው። ከግመል ጋር ግን ያን ዕለት መተዋወቁ ነበር፤ ያውም ሰላም ሳይላት!

ምዜ ሃላኬ በምርኩዛቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። «ተቀመጥ» አሉኝ።

«ፈተናውን ወድቄ የለም እንዴ፣ ምዜ?»

«ወድቀሃል። ለዚህ ነው ፀሐይ ላይ የምትቀመጠው። ወደ ጥላው የምትገባው ስትማር ነው።»

ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ያቃጥላል፤ ግን ከግራሯ ሥር ነው፤ ቢያንስ በዚያው አቅጣጫ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ያ ልብህ፣ ስለዚህ ሥራ አሁን ምን ይልሃል?»

«እኔ እንጃ፣ ምዜ» አልኳቸው። «ገና ሰላምታው ላይ ነን።»