የፎቶ ቤቴ የክብር ዘብ ልብስ

ፎቶ አይዋሽም የሚል ሰው ካለ አዳማ መጥቶ እኔ ፎቶ ቤት ጎራ ይበል። ግድግዳዬ ላይ ባሕር አለ፣ የተሳለ ነው። ፏፏቴም አለ፣ እሱም የተሳለ ነው። እዚሁ አጠገባችን ካለው ከደራ ገበያ አልፎ የማያውቅ ሰው እኔ ዘንድ ፓሪስ ላይ ቆሞ ይነሳል። ምን ይደረግ? ሰው እንደሆነው ሳይሆን እንደተመኘው መነሳት ይወዳል።

የክብር ዘብ ልብስም አለኝ። ታውቁት የለ? የውጭ እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ ዳር ተደርድረው የሚቆሙት፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ትከሻቸው ላይ ወርቃማ ገመድ አንጠልጥለው። የኔው ግን ዘሩ ብዙ ነው። ቆቡ የማርሽ ባንድ ነው። ገመዱ የመጋረጃ ነው። ኮቱን የገዛሁት ከልባሽ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን ድሮ የሆቴል በር ከፋች ይለብሰው ነበር። የየትኛው ሆቴል እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቁልፎቹ ሁሉ ወርቃማ ናቸው፣ ከላይ ሦስተኛዋ ብቻ ቡናማ ናት፣ የሴት ሹራብ ቁልፍ ትመስላለች። ሰፊ ስለሆነ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እሰበስበዋለሁ። ለባሹ ከፊት ሲታይ ጄኔራል ነው፣ ከኋላ ሲታይ ግን የልብስ ማስጫ ገመድ።

ይህ ልብስ አንድ ጠላት ነበረው። ጎረቤቴ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ገመቹ በወጣትነታቸው የእውነት የክብር ዘብ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲያልፉ መስታወቴ ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች ቆመው ይገመግማሉ። "አከም ቡልቴ" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ካሉኝ በኋላ ቁጣው ይከተላል። ገመዱ በተሳሳተው ትከሻ ነው። ይሄ ደግሞ ጉልበቱ የተራራቀ ነው፣ እኛ ዘንድ ቢሆን ከበር ይመለሳል። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለው አይመረጥም፣ ቁመት የሌለውማ ባያስበው ይሻለዋል። አንዴ ጉንዳን ሱሪያቸው ውስጥ ገብቶ መዝሙሩ እስኪያልቅ ሳይነቃነቁ እንደቆሙ ነገሩኝ። መዝሙሩ ደግሞ የሁለት አገር ነው!

"ልብሱን ማንም ይለብሰዋል። ዋናው መመዘኛ ፊት ነው። ውስጥህ የሚሆነውን ፊትህ ማውራት የለበትም" ይሉኛል።

አንድ ቀን ብሩክ መጣ። ብሩክ የእትዬ አስካለ አንድ ልጅ ነው። እትዬ አስካለ የሰው ልብስ አጥበውና ተኩሰው ነው ያሳደጉት። ለውትድርና ተመዝግቦ ሊሄድ ነው። እናቱ ይህን ከሰሙ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም፣ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ስለዚህ ዋሻቸው። "ለክብር ዘብ ተመርጫለሁ፣ ሥራዬ እንግዳ ሲመጣ ጓንት አድርጎ መቆም ነው፣ ጦር ሜዳ የሚባል ነገር የለም" አላቸው። አሁን ማስረጃ ፈልጎ ነው የመጣው።

አየሁት። ቁመቱ ከትከሻዬ አያልፍም። የቢራ ሳጥን ላይ አቆምኩትና ከጉልበቱ በላይ ላነሳው ወሰንኩ። ሦስተኛዋን ቁልፍ በእጁ እንዲሸፍናት ብነግረው፣ የክብር ዘብ እጁን ደረቱ ላይ አያደርግም ብሎ እኔኑ አረመኝ። ወንጂ ያደገ ልጅ ነው። የዚያ ውሃ ጥርስን ቡናማ ስለሚያደርግ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። "አይዞህ፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠርክ ነህ፣ የክብር ዘብ አይስቅም" አልኩት። ሳቀ። አፉን በነጩ ጓንት ሸፈነ።

ፎቶውን ለእናቱ ወሰደላቸው። እትዬ አስካለ ያን ዕለት በሉ። እሱም በማግስቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ቅጂ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩት። ሃምሳ አለቃ ገና ስህተቱን መቁጠር ሲጀምሩ ጎትቼ አስገባኋቸውና እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ሲያልፉ "ሃምሳ አለቃ፣ ልጄ እንዴት ነው፣ ያምርበታል?" ብለው ይጠይቋቸዋል። እኚያ ለጉንዳን ያልተበገሩ ሰው "ደንበኛ ዘብ ነው" ይላሉ።

ስንቅና ውሸት እያደር ያልቃል ይባላል። አልሆነም። ውሸታችን ሳያልቅ ልጁ አለቀ።

መርዶው ሲመጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። ጓንት አድርጎ የሚቆም ልጅ ጦር ሜዳ ምን አገኘው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ድንኳኑ ጥግ ተሸጉጬ ተቀመጥኩ። ሬሳ የለም። የወታደር ልብሱም አልመጣም። ለለቅሶ የሚዘረጋ የሟች ልብስ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያቺ የኔ ፎቶ ብቻዋን ቆማለች። እትዬ አስካለ በእጃቸው ጠሩኝ።

"ያንን ኮት አምጣልኝ" አሉኝ።

"እትዬ አስካለ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያ ኮት እኮ..."

"ዝም በል ልጄ። ሰባት ዓመት ያጠብኩትን ኮት አንተ ትነግረኛለህ? ድሮ የምሠራበት የነበረው ሆቴል ኮት ነው። ሦስተኛዋ ቁልፍ ስትጠፋ ከራሴ ሹራብ ፈትቼ የተከልኳት እኔ ነኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ፎቶውን ካመጣልኝ ሰዓት ጀምሮ። እሱ እንድበላ ብሎ ዋሸኝ። እኔ ደግሞ ሆዱ ሳይባባ ይሂድ ብዬ በላሁ።"

ሮጬ አመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ሽብሽቡን በመዳፋቸው አቀኑት፣ ሦስተኛዋንም ቁልፍ ቆለፏት። "ይሄ ኮት ዕድሜውን የኖረው ለሰው በር ሲከፍት ነው፣ ለልጄም እዚያ ይክፈትለት" አሉ።

ይሄኔ ሃምሳ አለቃ ገመቹ ገቡ። ኮቱን አዩት። አሁን ደግሞ ሊያርሙ ነው ብዬ ተሳቀቅኩ። እውነትም የመጋረጃውን ገመድ አንስተው ወደ ትክክለኛው ትከሻ አዛወሩት። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ሰላምታም ሰጡ። ትንሽ እንደቆዩ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ።

እኚያ ባለ ጉንዳኑ ሰው መመዘኛውን ወደቁ። እኔማ ከመጀመሪያው አልተወዳደርኩም፣ ድንኳኑ ጥግ ሆኜ እንደ ሕፃን እነፋረቃለሁ።

መመዘኛውን ያለፈ አንድ ሰው ብቻ አየሁ፣ እትዬ አስካለን። ልጃቸው ከሄደ ጀምሮ በየቀኑ መስታወቴ ፊት ቆመው "ያምርበታል?" ሲሉ ፊታቸው አንዴ እንኳ አላወራም። ቁመታቸው ከካሜራዬ ማቆሚያ አይበልጥም፤ ቢወዳደሩ ከበር ይመለሱ ነበር።